የአስራ አራት ቁጥሩ ቸርኬ

በሕይወቴ ዝገት ያጣበቀውን ቡሎን ፈትቻለሁ። ከቸርኬው ጋር የተጋባ የሚመስል ጎማ አላቅቄያለሁ። ከባድ መኪና የወጣበትን የተጣመመ ብረት አቅንቻለሁ። ያቃተኝ ነገር ቢኖር የልጄ ባል ጭንቅላት ነው።

ጎሚስታ ነኝ። ሱቄ ከጌጃ ሰፈር ወደ ልደታ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች፤ ያኔ ሰፈሩ ገና አልፈረሰም። በሯ ላይ የተደገፈ የከባድ መኪና ጎማ፣ የፈሰሰ ጎማ የምነክርበት ውሃ የሞላ ግማሽ በርሜል፣ አንድ የሚያስነጥሰው ኮምፕረሰር፤ ሀብቴ ይኸው ነበር። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ጎማ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብዙ ጎሚስታ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ጌጥ እያየው ያልፋል። እኔ ግን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። የመጨረሻው ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ነው። ይህን እስክረዳ ድረስ ከጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ሜትር እየተዋስኩ ስንቱን ጎማ እንደለካሁ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አጥቁሬ ስመልስለት አኩርፎኝ ነበር፤ አንዲት ሙሽራ ቀሚሷ ላይ ጥቁር መስመር አግኝታ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ግን ከጠመንጃ ያዥ እስከ ሜክሲኮ ድረስ በጎማ ነገር የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው።

ልጄ ያገባችው የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሲነዳ ጥሩ እንደሆነ አልክድም፤ መሪ ሲይዝ እጁ የተረጋጋ ነው። ችግሩ መኪናው ሲቆም አፉ የሚነሳው ነገር ነው። የሚነዳው የሰው ታክሲ ነበር። የራሱ የምትባለው አጎቱ የተወለት አንዲት አሮጌ ዲኤክስ የቤት መኪና ናት፤ እሷን እንደ ልጅ ያጥባታል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያልመው ስለ መኪና ውድድር ነው።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ መኪና የሚወዱ ሰዎች ከከተማ ወጣ ያለ የመጋዘን ግቢ እየተከራዩ፣ አስፋልቱ ላይ አሮጌ ጎማ ደርድረው ጠመዝማዛ መንገድ ይሠሩና እሁድ እሁድ በየተራ እየነዱ በሰዓት ይለካኩ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ባለ ጋራዥ ለውድድር ያዘጋጃት መኪና ነበረችው። ሾፌሩ አገር ጥሎ ስለሄደ፣ በሚቀጥለው እሁድ ከሚነዱት ውስጥ ዓይኑ የገባውን ሰው ጋራዡ ውስጥ እንደሚቀጥር ተናገረ። የሚፈልገው መኪና የሚያዘጋጅም የሚነዳም ሰው ነው። ይህ ለልጄ ባል ከሰው ታክሲ መውረጃ መንገድ ነበር። ልጄ ደግሞ ሁለተኛዋን አርግዛለች። ባሏ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ የመጀመሪያው ልጅ ከተኛ በኋላ የሚገባበት ኑሮ አንገፍግፏታል።

«አባባ፣ መኪናዋን እርስዎ ይዩለት» አለችኝ ሱቄ ድረስ መጥታ። «ብቻ አይቆጡት።»

«እኔ መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ?» አልኳት።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

በማግስቱ የልጄ ባል ከሁለት ጀለሶቹ ጋር በሚኒባስ መጣ። በሩ ሲከፈት ከሱማሌ ተራ የተገዙ አራት አስራ ስድስት ቁጥር ቸርኬዎች፣ ቀጭን ቀጭን ጎማ ተገጥሞላቸው፣ እንደ ሠርግ ትሪ ያብረቀርቃሉ። ፀሐዩ ሲያርፍባቸው ዓይኔን ያዝኩ።

«አባባ፣ እንዴት ናቸው?»

«ምን ሊቀርብባቸው ነው? ክትፎ?»

ጀለሶቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም።

«ለውድድር ነው እንጂ። ትልቅ ጎማ መሬት ይይዛል።»

«መሬት የሚይዘው ልኩን ያገኘ ስፋት ነው። ቁመት ምን ይይዛል? ሰማይ?»

«አባባ ደግሞ የድሮ ሰው ናቸው» አለ አንደኛው ጀለሱ፣ ጎማ ላይ እየተቀመጠ። «በእርሳቸው ጊዜ እኮ ውድድሩ በበቅሎ ነበር።»

«በቅሎም ብትሆን ጫማ የምትመታው በእግሯ ልክ ነው» አልኩት። «ተነስ ከጎማዬ ላይ።»

በነገር እንደማይገባቸው ሳውቅ በዓይናቸው ላሳያቸው ቆረጥኩ። የመኪናዋን የድሮ አስራ ሦስት ቁጥር ጎማ አወረድኩ። ከአዲሱ አጠገብ መንገዱ ላይ አቆምኩት። ሁለቱም መሬት በሚነኩበት ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረግሁና ምልክቱ ዞሮ መሬት እስኪነካ አንድ አንድ ዙር አንከባለልኳቸው። ትልቁ ከትንሹ ግማሽ ስንዝር ያህል አልፎ ቆመ። ይህን ዘዴ ከማንም አልሰማሁትም፤ ከራሴ ያገኘሁት ነው።

«አያችሁ?» አልኩ።

የልጄ ባል ፊቱ በራ። «ይኸው! በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል ማለት ነው። ይፈጥናል!»

ጠመኔው እጄ ውስጥ ተሰበረ።

«ልጄ፣ ሞተሩ እኮ ያው አሮጌው ሞተር ነው። አጭር ሰው የረጅም ሰው እርምጃ ልራመድ ቢል ምን ይሆናል? ያ ግቢ ጥምዝ በጥምዝ ነው። ከእያንዳንዱ ጥምዝ ስትወጣ ጋሪ በዳገት እንደምትገፋ ታቃስታለህ። ደግሞ አንሳው እስቲ፤ ክብደቱስ?»

ይህን ስናወራ ሰው ተሰብስቧል። በሰፈራችን ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ወይም የወለቀ ጎማ ካለ ሰው ሁሉ መካኒክ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። ከፍ ያለ መኪና ግርማ ሞገስ እንዳለው ተናገረ። ሁሉም ተስማማ። በእኛ ከተማ መንገዱ ጉድጓድ ስለሆነ መኪናን ከፍ ማድረግ ብልኅነት ነው። ቆይቶ ደግሞ ክብር ሆነ። ከፍ ካለ ይከበራል፤ ካብረቀረቀ ይፈራል። እኔ ስለ አስፋልት ጥምዝ አወራለሁ፤ እነሱ ስለ ግርማ ሞገስ።

የልጄን ባል ክንዱን ይዤ ወደ ሱቁ ውስጥ አስገባሁትና ሸራውን ገለጥኩለት። ቀለማቸው የተላጠ አራት አስራ አራት ቁጥር የብረት ቸርኬዎች አሉኝ። ከዓመታት በፊት ለመለዋወጫ ከተፈታታች የዲኤክሷ እህት የገዛኋቸው ናቸው፤ አንድ ቀን እንደሚፈለጉ አውቅ ነበር።

«ስማ። የድሮው አስራ ሦስት ቀጭንና ረጅም ጎን ያለው ነው፤ ጥምዝ ላይ እንደ ሰካራም ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል። እሱን አልልህም። ይሄን ደህና ጎማ ስትገጥምለት ቁመቱ ከድሮው እኩል ነው፤ ሞተርህ ልዩነቱን አያውቀውም። ስፋቱ በሁለት ጣት ይጨምራል። ጎኑ አጠር ይላል፤ አይታጠፍም። ቡሎኑም ያው ነው።»

ቸርኬውን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገው። «አባባ፣ ይሄን ገጥሜ ሰው ፊት ልውጣ?»

«ሰው ፊት አይደለም የምትወጣው። ሰዓት ፊት ነው።»

«አየዋለሁ» አለኝ። በአዲስ አበባ «አየዋለሁ» ማለት «አላየውም» ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

አላየውም። አስራ ስድስቱን አስገጠመና የኋላው ጎማ ከላዩ ወዳለው ቆርቆሮ፣ ወደ ፓራፋንጎው ጠርዝ ስለተጠጋ ለቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሰጥቶ ጠርዙን ወደ ውስጥ በመዶሻ አስመታው። ሰው ሲጫንባት ይነካል አልኩት፤ ከዚያ ባዶዋን መኪና ይዞ በሱቄ በር ሲያልፍ ጡሩንባ እየነፋ ይቀንሳል።

«አባባ! ነካ?»

«ባዶዋን ናት እኮ!»

«ውድድሩም በባዶ ነው!»

ይህችኛዋ መልስ እውነትነት ነበራት፤ ለዚህ ነው ይበልጥ ያናደደችኝ። መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ ክብደቱ በሙሉ ወደ አንድ ጎን እንደሚሄድ፣ ሰዎች ባይኖሩም በአንድ በኩል ተደራርበው የተቀመጡባት ያህል እንደምትሆን ላስረዳው ወጣሁ። ሄዶ ነበር። ጭሱን ጥሎልኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተወው» አለችኝ ባለቤቴ ምሳ ስታቀርብ። «መኪናዋ የሱ ናት።»

«መኪናዋ የሱ ናት፤ ልጄስ የማን ናት?»

 ወጡን ወደኔ አስጠጋች። እኔ ግን ከምሳ በኋላ ሱቅ ተመልሼ አስራ አራቶቹን አወጣሁ። ሁለት አዲስ፣ ሁለት ጥርሱ ትንሽ የተበላ ተመሳሳይ ጎማ ገጠምኩባቸው። ጥርሱ ትንሽ የተበላ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ከአዲሱ ይሻላል፤ ይህንንም ያስተማረኝ የለም። ጨርሼ ሸራውን አለበስኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈራችን ሽማግሌ ሀጂ አረፉ። በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ክርስቲያን እስላም ሳይሉ ለቅሶ ቤት ሁሉ ቀድመው የሚገኙ፣ እድራችንን ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ። በእነሱ ሥርዓት ቀብር አይዘገይም፤ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ኮልፌ መቀበር አለባቸው። በሰፈራችን ደግሞ ሰው ሲሞት መኪና ያለው መኪናውን አውጥቶ ለቅሶው በር ላይ ይደረድራል። ማንም አይለምነውም፤ ማንም አያመሰግነውም። ሳያወጣ የቀረ ግን እድሜውን ሙሉ ይነሳበታል።

የልጄ ባልም ዲኤክሱን አወጣ። እኔ ከፊት ገባሁ። ከኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ መካከለኛው የእድራችን ዳኛ ናቸው፣ ሁለት ሰው የሚያህሉ። መኪናዋ ወገቧ ሲጎብጥ ተሰማኝ። የልጄን ባል አላየሁትም። እሱም አላየኝም።

የመጀመሪያዋ ጉድጓድ ላይ ከኋላ «ግርርር» አለ።

«ምንድን ነው?» አሉ ዳኛው።

«ምንም አይደለም አባቴ። መንገዱ ነው።»

ትንሽ ሄድን። እንደገና «ግርርርር» አለ፤ አሁን ረዘም ያለ።

«ልጄ፣ መንገዱ ጎማ ጎማ ይሸታል እንዴ?» አሉ በቀኝ በኩል የተቀመጡት ከዘራ የያዙ ሽማግሌ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። በሕይወቴ ብዙ ዝም ያልኩባቸው ጊዜያት የሉም፤ ያቺን ግን ዝም አልኩ። ቀብር ነዋ።

ወደ ኮልፌ በሚወጣው ዳገት መኪናዋ ማቃሰት ጀመረች። ማርሹን ወደ አንድ መለሰ፤ ያኔም ጋሪ ሆነች። ከኋላ በኩል ነጭ ጭስ በመስኮት ገባ። ዳኛው በመሐረብ አፍንጫቸውን ያዙ። የልጄ ባል ዳር ይዞ አቆመ። ከኋላችን የነበሩት መኪኖች ጢም ብለው ሞልተው አንድ በአንድ አለፉን፤ አንዱም ቦታ አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ እየተደጋገፉ ወረዱ። ዳኛው ልብሳቸውን አስተካክለው፣ ሀጂን የያዘው መኪና ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲሰወር አዩ።

«ሀጂ በሕይወት ዘመናቸው ማንንም ጥለው ሄደው አያውቁም» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬ ግን ጥለውን ሄዱ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። የልጄ ባል ባለ ከዘራውን ሽማግሌ ክንዳቸውን ደግፎ ዳገቱን በእግር ወጣ፤ እኔም ከዳኛው ጋር ተከተልኩ። ስንደርስ አፈሩ እየተመለሰ ነበር። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየን። በሰፈራችን ታሪክ በራሱ መኪና ሄዶ አፈር ሲመለስ የደረሰ የለም።

ሽማግሌዎቹ በሌላ መኪና ሲመለሱ እኛ ወደ ዲኤክሷ ወረድን። የልጄ ባል የኋላው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ፓራፋንጎው ጎማው ትከሻ ላይ የቆረጠውን ቦይ በጣቱ ዳበሰው። ሳምንቱን ሙሉ የማጠናው ንግግር ነበረኝ። በመጀመሪያ ስለ በቅሎዋ፣ ቀጥሎ ስለ ጠመኔው፣ በመጨረሻም ስለ ጡሩንባው። አፌን ከፈትኩ።

«አባባ» አለኝ ሳይነሳ። «እነዚያ ብረቶች አሉ?»

ንግግሩን ሁሉ ተውኩት። «ጎማ ገጥሜባቸዋለሁ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «መቼ?»

«ጡሩንባ ስትነፋ።»

ባዶዋን መኪና ቀስ እያልን ወደ ሱቅ መለስናት። ፀሐይ ሳትጠልቅ አስራ አራቶቹ ተገጠሙ። እኔ እንደሌሎቹ ገጥሜ «በል ሂድ» የምል ሰው አይደለሁም። ከኋላዋ የከባድ መኪና ጎማዎቼን፣ ክሪኩንና የብረት ማስደገፊያዬን ጫንኩባት። ወገቧ ሲጎብጥ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጣቴን አሳለፍኩ፤ ጣቴ ሳይነካ አለፈ። መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ወደፊት ወደኋላ እንዲያደርጋት አደረግሁ። ምንም ድምፅ የለም። ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ግርማ ሞገሷ ጠፋ» አለ። የልጄ ባል ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ ፈንታ መለሰለት፤ «ግርማ ሞገሱ ኮልፌ ዳገት ላይ ቀርቷል» አለው።

እሁድ ግቢው ስንደርስ ከእኛ በቀር ሁሉም ያብረቀርቃል። የልጄ ባል አንገቱን ሰበረ። ያም ሳያንስ በጎማ ነፋስ ጉዳይ ገና ሳንጀምር ተጣላን። የታክሲ ሾፌር ጎማው እንደ ድንጋይ ካልጠነከረ አያምንም፤ ብዙ ሰው ይጭናላ።

«ይጨመር አባባ፣ ለስላሳ ነው።»

«ዛሬ ተሳፋሪ የለህም። የሚሳፈርብህ ሙቀት ነው፤ ሲሞቅ ራሱ ይጠነክራል።»

በአራቱም ጎማዎች ትከሻ ላይ በጠመኔ ከላይ ወደ ታች መስመር አሰመርኩ። አንዱ ወጣት ሳቀ፤ «አባት፣ መኪናዋን ፊደል እያስቆጠሯት ነው?»

«ሾፌሩን ጨርሼ ነው» አልኩት።

የመለማመጃውን ዙር ነድቶ ሲመለስ መስመሮቹን አየሁ። የፊቶቹ ጠመኔ እስከ ጎኑ ድረስ ተፍቋል። ስለዚህ ጥምዝ ላይ ጎማው በትከሻው ተሻግሮ በጎኑ እየረገጠ ነው፤ ትንሽ ነፋስ ይፈልጋል። የኋላዎቹ ትከሻው ላይ ቆመዋል፤ አልነካኋቸውም። የፊቶቹን ጨመርኩ። «ይኸው፣ ይጨመር ብዬ ነበር» አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ።

ተራው ደረሰ። ከእሱ በፊት የነዱት ባለ ትልልቅ ቸርኬዎች በቀጥታው ላይ ይንደረደሩና ከጥምዙ ሲወጡ ሞተራቸው ያጉረመርማል። አንዱማ የእኛን የኮልፌ ዜማ እያሰማ ዞረ። የልጄ ባል ገባ። የመጀመሪያውን ጥምዝ ሲይዝ ዲኤክሷ ዘንበል አለች፣ ጎማው ጮኸ፣ ግን አልሸሸም። ሲወጣ ሞተሩ ወዲያው ተነሳለት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። እጁ ቀጥ ያለ ነው። ያን አይቼ ነው ልጄን የሰጠሁት። ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ዱቄት እስኪሆን ጨበጥኩት።

አንደኛ አልወጣም። ትልቅ ሞተር ያላት አንዲት መኪና በቀጥታው ላይ በለጠችው። ባለ ጋራዡ ግን ሰዓቱን አላየም፤ ጥምዙን ነበር የሚያየው። ወደ እኛ መጣ። የተላጠውን ብረት ቸርኬ አየና ቁጢጥ ብሎ የተረፈውን ጠመኔ በአውራ ጣቱ ጠረገ።

«ይሄን ልክ ማን ነው የመረጠው?» ብሎ ጠየቀ።

የልጄ ባል ወደኔ ዞረ። «አባ…»

በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ሰውየው የሚፈልገው የሚያዘጋጅም የሚነዳም ሰው ነው። ይሄ ልጅ «አማቼ ናቸው» ካለ፣ ሰውየው የሚያየው መሪ ብቻ የያዘ ሾፌር ነው፤ መሪ የያዘ ሾፌር ደግሞ ግቢው ሞልቷል። እኔ ተራ ቀዳዳ ስደፍን እንኳ መንገደኛ አቁሜ የማሳይ ሰው ነኝ።

«ራሱ ነው» አልኩ። «እኔ ጠመኔ ያዥ ነኝ።»

በሕይወቴ የተናገርኩት በጣም ከባድ ነገር ነው። ሰውየው እጁን ለልጄ ባል ዘረጋለት፤ ሰኞ ጋራዡ እንዲመጣ ነገረው።

ይኸው ነው የሆነው። ከታክሲ ወረደ፣ ልጄ በሰላም ተገላገለች፣ ባሏ ልጆቹ ሳይተኙ ቤቱ ይገባል። ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም። አንድ ከሰዓት ሱቄ መጥቶ፣ ጎማ ሊያስጠግን የቆመ ደንበኛዬን ሲያስተምር አገኘሁት። «ቁም ነገሩ ቁመቱን ሳይለቁ ስፋቱን መጨመር ነው» ይላል። ደንበኛዬ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች፤ እኔን ታያለች።

«አባባም ቢሆኑ ያውቁታል» አለ ሲያየኝ፣ በቸርነት። «እንዴት እንደምንለካው ላሳየው። ጠመኔ አለዎት?»

ሰጠሁት። ምልክቱን አደረገ። ጎማውን አንከባለለ። ምልክቱ መሬት ሳይደርስ አቆመው።

«ትንሽ ግፋው» አልኩት።